የሣጥኑ ደስታና የምስሉ ደስታ፦ ፎቶ አንሺ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ምን ይገዛል?

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰና በተናጋሪው የታረመ



አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ እንድናገር ነበር። ስለ ብርሃንና ስለ ቅንብር ከዚህ ቀደም በተለያዩ መድረኮች ተናግሬአለሁ። ዛሬ ግን እኛ ባለሙያዎች እርስ በርሳችን ስንገናኝ ከሁሉ አብልጠን የምናወራውን፣ በአደባባይ ግን ለማንሣት የምናፍርበትን ጉዳይ መርጫለሁ፤ ይኸውም አዲስ የካሜራ ዕቃ የመግዛት ደስታ ነው።

ነገሩ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ማሸጊያው በቢላዋ ይከፈታል፤ ከውስጡ ሌላ ሣጥን ይወጣል፤ ከዚያም ስስ ላስቲክ፤ ከዚያም ያ የአዲስ ዕቃ ሽታ። ሌንሱ ከካሜራው ጋር ሲገጣጠም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። በአዲስ ሌንስ የሚነሣው የመጀመሪያ ምስል ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ያለ ስኒ፣ የመስኮቱ መጋረጃ፣ ወይም የቤቱ ድመት። ያንን ምስል ማንም አያትመውም፤ ማንም አያስቀምጠውም። ሆኖም ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የሚነሣን እርሱ ነው።

የዛሬው ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው። ዕቃ የመግዛት ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ነገር ግን ምስል ከማንሣት ደስታ የተለየ ነው። ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ አንዱ የሌላውን ቦታ ሳናውቀው ሊወስድ ይችላል። እኔን አንድ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ያንን ታሪክ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ደስታው ከምን እንደተሠራ እንመርምር።

፩. ዕቃው ከመምጣቱ በፊት

የመጀመሪያውን ካሜራዬን የገዛሁት ዕቁብ ሲደርሰኝ ነው። ዕጣዬ እስኪወጣ ስምንት ወር ጠበቅሁ። በእነዚያ ስምንት ወራት የካሜራውን መመሪያ ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የእያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ ዕቃውን ሳልነካ አውቄው ነበር። በታክሲ ስሄድ በመስኮት የማየውን ሁሉ በሌለኝ ካሜራ አነሣው ነበር። በሐሳብ የሚነሣ ምስል ደግሞ ምንጊዜም ጥሩ ነው፤ እጅ አይንቀጠቀጥበትም፣ ብርሃን አይጎድልበትም፣ ሰውም ፊቱን አያዞርበትም።

ካሜራው መጣ። ደስታዬ ትልቅ ነበር፤ ሆኖም አንድ ነገር ታዘብሁ። ከመቀበሌ በፊት የነበረው ሳምንት ከተቀበልሁ በኋላ ከነበረው ሳምንት ይበልጥ ነበር።

ለዚህ ትዝብት የአንጎል ሳይንስ ማብራሪያ አለው። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉት ተመራማሪ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳትን በዝንጀሮዎች ላይ አጥንተዋል። እንስሳው ያልጠበቀው የጭማቂ ጠብታ ሲሰጠው ሕዋሳቱ ይነቃቃሉ። ከጠብታው በፊት ምልክት እየታየ ነገሩ ሲደጋገም ግን ለውጥ ይመጣል። ሕዋሳቱ የሚነቃቁት ምልክቱ ሲታይ ይሆናል፤ ጠብታው ራሱ ሲመጣ ዝም ይላሉ። ምልክቱ ታይቶ ጠብታው ከቀረ ደግሞ በሚጠበቅበት ቅጽበት እንቅስቃሴያቸው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሹልትዝ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር ሆነው ይህን ግኝት በአንድ የስሌት ሐሳብ አጠቃለው አሳትመዋል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ኬንት ቤሪጅ በበኩላቸው መፈለግና መደሰት በአንጎል ውስጥ የተለያዩ ሥርዓቶች መሆናቸውን አሳይተዋል። አንድን ነገር እጅግ መፈለግ፣ ነገሩ ሲገኝ በዚያው መጠን ለመደሰት ዋስትና አይደለም።

የእኛ አገር ፎቶ አንሺ ይህን በሕይወቱ ያውቀዋል። በሌላ አገር ዕቃው በማግሥቱ ደጃፍ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ግን የውጭ ምንዛሪ አለ፤ ቀረጥ አለ፤ ከሁሉም በላይ «ከውጭ የሚመጣ ሰው» አለ። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ጥግ ለአንዲት ሌንስ ቦታ እንዲተውልን እንማጠናለን። በረራው ይራዘማል፤ ሻንጣው ይከብዳል፤ ዘመዱ ይረሳል። ይህ ሁሉ ምልክቱን ከጠብታው የሚያርቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ የእኛ ጉጉት ረጅም ነው። ረጅም ጉጉትም ጣፋጭ ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

፪. የእጅ ደስታ

ሁለተኛው የደስታው ምንጭ እጅ ነው። አናጺ አዲስ መጋዝ ሲገዛ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ሸማኔ አዲስ መወርወሪያ ሲይዝ ክብደቱን በመዳፉ ይመዝናል። ለጌጥ የሚያደርጉት አይደለም። በእጁ የሚሠራ ሰው መሣሪያውን የሚያውቀው በመንካት ስለሆነ ነው። ፎቶ አንሺም እንደዚሁ ነው። የሻተሩ ቁልፍ ምን ያህል ሲጫኑት እንደሚሠራ፣ የሌንሱ ቀለበት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ጣት ሳይታይ የት እንደሚያርፍ ማወቅ የሙያው ክፍል ነው።

አዲስ መሣሪያ አስተማሪም ይሆናል። ለብዙ ጊዜ የሠራሁት ከካሜራው ጋር በሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር በሆነው ዙም ሌንስ ነበር። ከዚያ ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ። ይህ ሌንስ አያቀርብም፣ አያርቅም። ለመቅረብ በእግሬ መቅረብ ነበረብኝ፤ ስቀርብም ሰውየውን ሰላም ማለት ነበረብኝ። ሰላም ስል ደግሞ ምስሉ ይለወጥ ጀመር። ከዚያች ሌንስ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት በመስታወቷ ውስጥ ያለ ነገር አልነበረም፤ ከሰው ጋር ያለኝን ርቀት ማሳጠሯ ነበር። አዲስ ዕቃ ልማድን ይሰብራል፤ ልማድ ሲሰበር ዓይን ይነቃል። ይህን ጥቅም የሚክድ ሰው ዕቃ ገዝቶ የማያውቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ነገርም እዚሁ ላይ ይጨመራል፤ እርሱም ማንነት ነው። ካሜራ በጥቂት ሰዎች እጅ በነበረበት ዘመን መሣሪያው ያለው ሁሉ ባለሙያው ነበር። በአገራችን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረውን የአርመናውያኑን የቦያጂያን ቤተሰብ አስቡ፤ በኋላም በየሰፈሩ የተከፈቱትን ፎቶ ቤቶች አስቡ። ሰዎች ወደ ፎቶ ቤት የሚሄዱት ካሜራው እዚያ ስላለ ነበር። በሌላው ዓለም ይህ ቀደም ብሎ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆርጅ ኢስትማን 100 ምስል የሚያነሣ ፊልም የጎረሰ የኮዳክ ካሜራ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው ራሱ ወደ ፋብሪካ ይላክ ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በአንድ ዶላር ተሸጠ። ካሜራ የሁሉም ሆነ። ሁሉም ካሜራ ሲኖረው ግን «ፎቶ አንሺ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ለጥያቄው ከቀረቡት መልሶች እጅግ ቀላሉ «የተሻለ ካሜራ ያለው» የሚለው ሆነ። ዛሬ ሁሉም ሰው በኪሱ ካሜራ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ይህ መልስ ይበልጥ ያጓጓል። ሰርግ ቤት ትልቅ ካሜራ ይዤ ስገባ ሰው መንገድ ይለቅልኛል። ያ ክብር ለእኔ ነው ወይስ ለዕቃው? ብዙ ጊዜ መልሱን ማወቅ አንፈልግም።

፫. ደስታው ለምን ይደበዝዛል?

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር የራቀ አይደለም። ሰው ኑሮው ሲሻሻል ለጊዜው ይደሰታል፤ ከዚያ አዲሱን ሁኔታ ይለምደዋል፤ የደስታው መጠን ወደ ነበረበት ይመለሳል። በቆመበት እንደሚያስሮጥ ማሽን ነው፤ እግር ይሮጣል፣ ቦታ አይለወጥም።

በካሜራ ገበያ ላይ ይህ ልማድ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛው የአዳዲስ ሞዴሎች መከታተል ነው። በእጄ ያለው ካሜራ አንድም ነገር ሳይጎድልበት፣ ተተኪው በታወጀ ዕለት «አሮጌው» ይሆናል። ትናንት የረካሁበትን ምስል ዛሬ የሚያነሣው ያው ዕቃ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ዕቃን መጥራቱ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲዴሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አሮጌ የቤት ካባው አንድ ጽሑፍ ጽፏል። አዲስ ያማረ ካባ ባገኘ ጊዜ፣ የክፍሉ ዕቃዎች ሁሉ ከካባው ጋር ሲተያዩ ያረጁበት መሰለው፤ እነርሱንም አንድ በአንድ ለወጠ። አንትሮፖሎጂስቱ ግራንት ማክራከን እ.ኤ.አ. በ1988 ለዚህ ክስተት የዲዴሮን ስም ሰጥተውታል። የፎቶ አንሺው ካባ የካሜራው አካል ነው። ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ የገዛ ሰው አሮጌ ሌንሶቹ አይበቁትም፤ ፋይሉ ስለሚከብድ ሜሞሪ ካርዱ አይበቃውም፤ ኮምፒውተሩ ይዘገይበታል፤ በመጨረሻም ቦርሳው ይጠብበታል። የገዛው አንድ ዕቃ ነበር፤ የተለወጠው ግን ቤቱ ሁሉ ነው።

፬. መሣሪያ በእርግጥ የሚለውጠው ምንድን ነው?

እስካሁን የተናገርሁት «ዕቃ ምንም አይጠቅምም» የሚል እንዳይመስል እሰጋለሁ። ይህ አባባል በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ግን ጥሩ ዕቃ ያላቸው ናቸው። ትክክለኛው መንገድ ማስላት ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው።

በሌሊት ማኅሌት ሲቆም የሚነሣን ምስል እንውሰድ። ብርሃኑ የጧፍ ብርሃን ነው፤ ፍላሽ ማብራት ነውር ነው። ዙም ሌንሱ በረጅሙ ጫፍ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። ባለ ኤፍ 1.8 የሆነው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳው ስፋቱ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያው ርዝመት በኤፍ 5.6 ሲሆን ግን ወደ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሚገባው ብርሃን በስፋቱ ካሬ ስለሚለካ ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በአንዱ ሌንስ 1/6 ሰከንድ የሚፈጀው ምስል በሌላው በ1/60 ሰከንድ ይነሣል። በ1/6 ሰከንድ የሚያሸበሽብ ደብተራ ጥላ ይሆናል፤ በ1/60 ፊቱ ይታያል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ በመሆንና ባለመሆን መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አሁን ደግሞ ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 1.4 ልሻገር ብል፣ ልዩነቱ 1.65 እጥፍ ያህል ነው። 1/60 የነበረው 1/100 ይሆናል። ጥቅም አለው፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የመጀመሪያው እርምጃ በር ከፈተ፤ ሁለተኛው በሩን ጥቂት አሰፋ።

በሴንሰርና በሜጋፒክስልም ሕጉ ያው ነው። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ሴንሰር 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በብዙ የካነን ካሜራዎች የሚገኘው አነስተኛው 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን 332 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ 2.6 እጥፍ ነው፤ በጨለማ ይታያል፣ በፀሐይ ግን እምብዛም አይታይም። ከ12 ሜጋፒክስል ወደ 24 የሚሸጋገር ሰው ደግሞ ዕጥፍ ያገኘ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ በወርዱና በቁመቱ ያገኘው ጭማሪ እያንዳንዱ 1.41 እጥፍ ብቻ ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለማተም 8.7 ሜጋፒክስል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የካነን 5ዲ ካሜራ 12.8 ሜጋፒክስል ነበረው። ከእናንተ መካከል ባለፈው ዓመት ከኤ4 የሚበልጥ ምስል ያተመ ስንት ነው? (ሣቅ)

የዕድገቱን መንገድ በታሪክ ስናየው ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ 10 ሺህ ፒክስል ብቻ ነበረው፤ 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ አንዱን ምስል በካሴት ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ጥቂት ሚሊዮን ፒክስል የተደረሰበት እያንዳንዱ እርምጃ ትልቅ ለውጥ ነበር። መንገዱ ወደ ጫፍ ሲደርስ እርምጃው እያነሰ ይሄዳል፤ የማስታወቂያው ድምፅ ግን አይቀንስም።

ስለ ዕቃ በሚነሣ ክርክር የሄንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ስም ሁልጊዜ ይጠራል። አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በአንዲት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው እየተባለ ለቁጠባ ምሳሌ ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ ግማሹ ታሪክ ግን ይዘለላል። እርሱ ላይካውን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ላይካ ለገበያ ከቀረበች ገና ሰባት ዓመቷ ነበር፤ በኪስ የምትያዝ፣ ድምፅ የማታሰማ አዲስ መሣሪያ ነበረች። በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ቅጽበት ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ከእርስዋ በፊት የነበሩት ትልልቅ ካሜራዎች አይሆኑትም ነበር። እንግዲህ እርሱ አዲስ ዕቃን የናቀ ሰው አልነበረም። የሚፈልገውን ምስል አውቆ፣ ያንን የሚያደርግለትን ዕቃ ገዝቶ፣ ከዚያ በኋላ መፈለጉን ያቆመ ሰው ነበር። ከባዱ ሦስተኛው ነው።

፭. የዶሮ ማነቂያው ቤት

አሁን ወደ ገባሁላችሁ ቃል ልመለስ።

ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አክስቴ ቤት ነው። የእንግዳ መቀበያ ክፍሉ በግምት ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነበር። ግድግዳው ላይ የሁላችንም የትምህርት ቤት ፎቶ ተደርድሯል፤ ረከቦቱ በአንድ ጥግ ይቀመጣል፤ የበሩ መቃን ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ ተምልክቷል፤ የእኔም ቁመት በዚያ ነበረ። ሰፈሩ ሊነሣ ነው መባል ሲጀምር ያንን ክፍል ሙሉውን፣ በአንድ ምስል፣ አክስቴ ቡና እያፈላች ለማንሣት ቆረጥሁ።

የነበረኝ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። ከሦስት ሜትር ርቀት በትልቁ ሴንሰር የሚያሳየው ወርድ 2.16 ሜትር ብቻ ነው፤ ክፍሉ አይገባበትም። 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ከዚያው ቦታ 4.5 ሜትር ያሳያል። ስለዚህ የዕቃው ፍላጎቴ ከንቱ አልነበረም፤ ቅድም ባስተማርኋችሁ ስሌት ትክክል ነበርሁ። ሌንሱን አዘዝሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ተገኘ፤ ጉዞው ግን ሁለት ጊዜ ተራዘመ።

በእነዚያ ሳምንታት አክስቴን በየጊዜው እጠይቃት ነበር። አንድ ቀን ስኒ እያቀበለችኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ይህን ቤት መቼ ነው የምታነሣው?» አለችኝ።

«እቴቴ፣ ሌንሱ ይድረስልኝ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አነሣልሻለሁ» አልኋት።

«ካሜራው ትከሻህ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ይኼ አይበቃም፤ ክፍሉን ይቆርጠዋል።»

ዝም ብላ ቡናዋን ቀዳች። እኔ ግን በዚያ ወቅት ደስተኛ ነበርሁ፤ ይህን በሐቀኝነት መናገር አለብኝ። ማታ ማታ በዚያ ሌንስ የተነሡ የሌሎች ሰዎችን ምስሎች እመለከት ነበር። ክፍሉን በሐሳቤ ደጋግሜ አንሥቼዋለሁ፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ እንዴት እንደሚገባ፣ አክስቴ የት እንደምትቀመጥ ሁሉ ተወስኖ ነበር። ምስሉ በልቤ ያለቀ ሥራ ስለነበር፣ ያልተሠራ መሆኑን ረሳሁት።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ለኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ያም ቤት ፈረሰ። ነገሩ ከጠበቅሁት ይልቅ ፈጠነ። እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርሁ። ስመለስ አክስቴ ዕቃዋን ጭና ሄዳለች፤ በቦታው ድንጋይና የተሰባበረ ጭቃ ነበር።

ሌንሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ያን ዕለት ማታ ሣጥኑን ከፈትሁ፤ ማሸጊያውን ቀደድሁ፤ ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጠምሁ። «ቀጭ» አለ። ደስም አለኝ።

የዛሬው ንግግር የተጸነሰው በዚያ ቅጽበት ነው። የመጣበት ምክንያት የለም፤ ክፍሉ የለም፤ ደስታው ግን ሳይጎድልበት መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕቃ ስገዛ የምደሰተው ስለምስሉ ነው ብዬ አምን ነበር። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅሁት አንዱ ከሌለ በኋላ ሌላው ብቻውን ቆሞ ስላየሁት ነው።

የዚያ ክፍል አንድ ምስል ብቻ አለ። የጎረቤት ልጅ፣ የ13 ዓመት ታዳጊ፣ ዕቃ በሚጫንበት ጠዋት በእናቷ ስልክ ያነሣችው ነው። ምስሉ ዘንበል ብሏል፤ ግማሹ ደብዝዟል፤ ረከቦቱ ተቆርጧል። አክስቴ ግን በመሐል አለች፤ ከኋላዋም የበሩ መቃን ከነእርሳሱ ምልክት ይታያል። በኤ4 አትሜ፣ በመስታወት አስገብቼ ሰጠኋት። አሁን በከተማዋ ዳር በሚገኘው ኮንዶሚኒየም ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ «ይህን ያነሣው የወንድሜ ልጅ ነው፣ ፎቶ አንሺው» ትላለች ብዬ እሰጋ ነበር። አትልም፤ የልጅቱን ስም ነው የምትጠራው።

በ50 ሚሊ ሜትሯ ሌንስ ምን ማድረግ እችል እንደነበር አሁን አውቃለሁ። መቃኑን ብቻ፣ የፎቶዎቹን ግድግዳ ብቻ፣ ስኒ የያዘውን እጇን ብቻ ማንሣት እችል ነበር። ስድስት ሰባት ምስሎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ክፍሉ ይሆኑ ነበር። ምናልባትም ከአንዱ ሰፊ ምስል ይሻሉ ነበር።

፮. ለሚገዛ ሰው ሦስት ጥያቄዎች

ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ምን ልግዛ?» ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ መልሴን ወደ ሦስት ጥያቄዎች ለውጬዋለሁ።

የመጀመሪያው፦ ያመለጠህ ምስል የትኛው ነው? «የተሻለ ምስል» አይበቃም፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ሰዎቹ ይጠሩ። እኔ አሁን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር እይዛለሁ። ምስል ባመለጠኝ ቁጥር ምክንያቱን እጽፋለሁ። ደብተሩን ሳገላብጥ የሚበዛው ምክንያት ዕቃ አይደለም፦ አርፍጄ ደርሻለሁ፣ ለመቅረብ ፈርቻለሁ፣ ፈቃድ አልጠየቅሁም፣ ባትሪ አልሞላሁም። አንድ የዕቃ ጉድለት ተደጋግሞ ከተጻፈ ግን፣ ያኔ ሳታፍሩ ግዙ። ደስ እያላችሁ ግዙ።

ሁለተኛው፦ ዕቃውን ተውሰህ ሞክረኸዋል? «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ይባላል፤ የሰው ሌንስ ግን ያስተምራል። ለአንድ ሳምንት በተዋስነው ዕቃ ላይ የአዲስነት ደስታው ጥቂት ይተናል፤ የሚቀረው ጥቅሙ ነው። ከሳምንት በኋላ ስንመልሰው የሚከፋን ከሆነ፣ የከፋን በእርሱ ልናነሣው የጀመርነው ምስል ስለቀረ ነው ወይስ ዕቃው ራሱ ስለተወሰደ? ልዩነቱን ራሳችን እናውቀዋለን። በዚህ ፋኩልቲ አምስት ተማሪዎች ሌንሶቻቸውን ቢዋዋሱ፣ እያንዳንዳቸው ባለ አምስት ሌንስ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል፦ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ፣ አሁን በያዝኸው ምን ታነሣለህ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ዕቃ እየጠበቀ አይደለም፤ ሥራውን እያዘገየ ነው። መጠበቅ የሚያስደስት ስለሆነ መዘግየቱ አይሰማውም። የሚነሣው ነገር ግን ከእኛ ጋር አይጠብቅም። ሰው ያረጃል፣ ቤት ይፈርሳል፣ ልጅ ያድጋል።

ውድ አድማጮቼ፤ ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ የምትመኙትን ካሜራ ዋጋ እንዳትመለከቱ አልመክራችሁም፤ እኔም ማታ እመለከታለሁና። (ሣቅ) ያ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ አሁንም አብሮኝ አለ፤ ጥሩ ሌንስ ነው፤ እንጀራም አብልቶኛል። ነገር ግን ካሜራችሁ ምንም ይሁን፣ ስልክም ቢሆን፣ በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ አንድ ሰው «መቼ ነው የምታነሣኝ?» ቢላችሁ፣ መልሱ የዕቃ ስም እንዳይሆን እለምናችኋለሁ።